ቆርጦ ቀጥል

ባለፈው ክረምት ደብረ ታቦር ላይ ባደረግነው የወጣቶች ኅብረት አንድ አጭር ቪዲዮ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰነበተ። ከመካከላችን አንዲት እህት ስትመሰክር የተቀረጸ ነው። እህታችን የተናገረችው፣ ጸሎት ምንም አይሠራም ብላ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳትንበረከክ እንደኖረች፣ ጌታ ግን ከዚያ ድርቀት እንዴት እንዳወጣት ነበር። በቪዲዮው ላይ የቀረው «ጸሎት ምንም አይሠራም» የሚለው ብቻ ነው፤ ከኋላው የሳቅ ድምፅ ተቀጥሎበታል። የቆረጠው ልጅ ክፋት አልነበረውም፤ ቀልድ መስሎት ነው። እሷ ግን ሁለት ወር ያህል ከኅብረቱ ቀረች። ቪዲዮው እናቷ ዘንድ ደርሶ ኖሮ፣ «ይኼን ልትሰብኪ ነው እንዴ ከእኛ የተለየሽው?» እንዳሏት ኋላ ሰማን።

እንዲህ ያለውን ሥራ ሰው ሁሉ «ቆርጦ ቀጥል» ይለዋል። ዛሬ አገር ያወቀው ስድብ ሆኗል። ፖለቲከኛው በተናገረው ሲያዝ «ቆርጦ ቀጥል ነው» ብሎ ያመልጣል፤ በእውነት ተቆርጦ የተቀጠለበት ሰው ደግሞ ይህንኑ ቢል የሚያምነው ያጣል።

በዚያው ሰሞን እኔ ለጓደኞቼ የሠዓሊ ኤልያስ ስሜን ሥራዎች በስልኬ እያሳየሁ ነበር። ከእስቴ የመጣ አንድ ወንድማችን (የእስቴ ዋና ከተማ ስሟ መካነ ኢየሱስ ስለሆነ «ከየት ነህ?» ሲባል «ከመካነ ኢየሱስ» ይላል፤ ጠያቂው ሁልጊዜ ቤተ ክርስቲያኑን የነገረው ይመስለዋል) ሥዕሉን አየና፣ «ይኼም እኮ ያው ቆርጦ ቀጥል ነው። የሰው ዕቃ ለቃቅሞ፣ ለጥፎ፣ የራሴ ነው ብሎ መፈረም» አለ። ሳቅን። ነገሩ ግን ከሳቁ በኋላ አልለቀቀኝም። እውነትም ሁለቱን የሚለያቸው ምንድን ነው? አንዱን ነገር ከነበረበት ቆርጦ ሌላ ቦታ መለጠፍ አንድ ጊዜ ጥበብ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ኃጢአት የሚሆነው በምኑ ነው?

ስለዚህ ነገር የምጽፈው ሠዓሊ ሆኜ አይደለም። ሞባይል ጠጋኝ ነኝ። ምናልባትም ለዚህ ነው የኤልያስ ሥራ ከሌላው ሥዕል ይልቅ የያዘኝ። መጀመሪያ ሳየው ከአውሮፕላን የተነሣ የእርሻ ማሳ መሰለኝ፤ አረንጓዴው ከቢጫው፣ ቢጫው ከቀዩ ጋር እየተያያዘ በጥምዝምዝ መሥመር ይወርዳል። ስክሪኑን በሁለት ጣቴ ባጎላው ጊዜ ማሳው ጠፋ። የማየው ማዘርቦርድ ነው፤ የኮምፒውተር ፊደል መጫኛ ነው፤ ተፈትሎ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው። እኔ በየቀኑ ጠረጴዛዬ ሥር ባለው ካርቶን የምጥለውን ነገር፣ ይህ ሰው በእንጨት ሰሌዳ ላይ አንድ በአንድ እየመታ አሰናድቶታል።

ኤልያስ ስሜ እ.ኤ.አ. በ1968 አዲስ አበባ ተወለደ፤ የተማረውም እዚያው፣ ዛሬ አለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት በሚባለው ነው። መጀመሪያ በክር እየጠለፈ፣ ቁልፍ እየሰፋ ይሠራ ነበር። በኋላ ከመርካቶ፣ በተለይ ከምናለሽ ተራ፣ የተጣሉና የተፈታቱ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎችን መሰብሰብ ጀመረ። «ታይትሮፕ» ብሎ የሰየማቸው ተከታታይ ሥራዎቹ ከዚያ የወጡ ናቸው፤ ቃሉ በተወጠረ ገመድ ላይ መራመድን የሚያመለክት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ቬኒስ በተካሄደው ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ ላይ ሥራዎቹ ቀርበዋል። ከመስከረም አሰግድ ጋር ሆኖ መካኒሳ አካባቢ ያቆመውና እ.ኤ.አ. በ2019 የተከፈተው ዞማ ሙዚየም ደግሞ ከጭቃና ከጭድ የተሠራ ነው። ዕቃ ልገዛ አዲስ አበባ በወረድኩበት ጊዜ ሄጄ አይቼዋለሁ። ሌላው ጎብኚ ስለ ውበቱ ሲያወራ እኔ ግድግዳውን በመዳፌ ስዳስስ ቆየሁ። የእናቴ ቤት ግድግዳ ነው።

እንዲህ ያለው አሠራር ኮላጅ ይባላል። ቃሉ የፈረንሳይ ነው፤ መለጠፍ ማለት ነው። እኛም ሙጫውን «ኮላ» ስንል ያንኑ ሥር ከጣሊያን ተቀብለን ነው። በአውሮፓ ሥዕል ውስጥ በግልጽ የገባው እ.ኤ.አ. በ1912 ነው፤ ፒካሶ የወንበር ሽመና የታተመበት ቁራጭ ሸራው ላይ ለጠፈ፣ ጓደኛው ብራክ ደግሞ የእንጨት መልክ የታተመበትን የግድግዳ ወረቀት ቆርጦ ሥዕሉ ላይ አዋለ። ለእነርሱ አዲስ ነገር ነበር። ለእኛ ግን አዲስነቱ እስከዚህም ነው። የድሮ የብራና መጻሕፍታችንን ገበር የገለጠ ሰው ያውቃል፤ ከቆዳው ውስጥ፣ በእንጨቱ ገበታ መካከል፣ ከህንድና ከሌላም አገር የመጣ የጨርቅ ቁራጭ ተለጥፎ ይገኛል። አንድ ቀን የሰው ልብስ ወይም መጋረጃ የነበረ ጨርቅ፣ ዛሬ ወንጌል ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው።

ብራክ የግድግዳ ወረቀትን ወደ ሥዕል አመጣ። የእኛ አገር እናቶች ደግሞ ጋዜጣን ወደ ግድግዳ ወሰዱ።

ያደግሁት ላይ ጋይንት ነው፣ ከነፋስ መውጫ ትንሽ ራቅ ብሎ። የከተማዋ ስም ያለ ምክንያት አልወጣም። ከጉና በኩል የሚመጣው ብርድ የጭቃ ቤት ስንጥቅ አይስተውም፤ በግድግዳው ገብቶ እሳቱ ዳር የተቀመጠን ሰው ጀርባ ያገኛል። እናቴ ክረምት አልፎ ምርጉ ሲደርቅ፣ መስቀል ሳይደርስ፣ ከሱቅ አሮጌ ጋዜጣ በኪሎ ትገዛለች። የስንዴ ዱቄት በውኃ በጥብጣ ታፈላለች፤ ቀጭን ገንፎ ሲመስል አውርዳ በጨርቅ ግድግዳውን ትቀባለች። ከዚያ አንድ ገጽ፣ ከአጠገቡ ሌላ ገጽ። ማንበብ ስለማትችል አንዳንዱ ተዘቅዝቆ ይለጠፋል። እኔ ማንበብ የተለማመድኩት በዚያ ግድግዳ ነው፤ ተዘቅዝቆ የተለጠፈውን ለማንበብ አልጋ ላይ ተጋድሜ ራሴን ቁልቁል እዘቀዝቅ ነበር። ዛሬም የተገላቢጦሽ ጽሑፍ ማንበብ አይቸግረኝም። ደንበኛ ስልኩን ይዞ ከፊቴ ሲቆም ከወዲህ ሆኜ አነበዋለሁ፤ ይህ ችሎታ በሌላ መንገድ የሚገኝ አይመስለኝም።

አሮጌው ሳይነሣ አዲሱ ከላዩ ስለሚለጠፍ ግድግዳው እየወፈረ ሄደ። ልጆች ሆነን ጠርዙን በጥፍራችን ስንልጥ ከአዲስ ዘመን ሥር ሌላ አዲስ ዘመን እናገኛለን። ከላይ የኢሕአዴግ ጊዜ ዜና፣ ከሥሩ የደርግ። አንድ ጊዜ የሊቀ መንበሩ ግማሽ ፊት ወጣ። እናቴ አይታ፣ «ተዉት፤ እሱም ብርድ ይከላከላል» አለች። በአደባባይ የነበረው ያ ሁሉ ፎቶ ተቀዶ ሲወርድ በእኛ ቤት ግን ማንም ማንንም አላወረደም፤ አንዱ በሌላው ላይ ተኛ እንጂ።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። ቆርጦ ቀጥልን ኃጢአት የሚያደርገው መቁረጡ ነው የሚል ሰው ይኖራል። ይህ ግን አያስኬድም። መጽሐፍ ቅዱስን ልብ ብላችሁ አንብቡ። ጳውሎስ በሮሜ 3 ላይ የሰው ልጅ ሁሉ ከኃጢአት በታች መሆኑን ሲያስረዳ፣ ከመዝሙር አንድ፣ ከኢሳይያስ አንድ እየነቀሰ ጎን ለጎን ያሰለፈው ነገር ኮላጅ ካልሆነ ሌላ ምን እንደሚባል አላውቅም። በምድረ በዳው ፈተና ጊዜም ሁለቱም ወገን ቆርጠዋል። ፈታኙ ከመዝሙር 91 ጠቀሰ፤ ጌታችን ከዘዳግም ጠቀሰ። ነገር ግን ፈታኙ የጠቀሰውን ወስዳችሁ ከመዝሙሩ ጋር አስተያዩት። መላእክት የሚጠብቁት በመንገድህ ሁሉ ነው የሚለውን ዘልሎታል። መንገድ የተባለው ተነሥቶ ገደል ብቻ ቀረ። ጌታ የጠቀሰው ግን ከረሃብና ከምድረ በዳ ታሪክ መካከል የወጣ ቃል ነው፤ የጠቀሰውም እርሱ ራሱ ተርቦ፣ በምድረ በዳ ቆሞ ነው። ቁራጩን ይዛችሁ ወደ ተቆረጠበት ብትመለሱ ቦታውን ታገኙታላችሁ፤ ቦታውም አይክዳችሁም።

እኛስ? ኤርምያስ 29፥11ን በስልካችን ሽፋን ላይ አሳትመናል። እኔ ራሴ እንዲህ ያለ ሽፋን እሸጣለሁ፤ ከሁሉም ይልቅ የሚፈለገው እሱ ነው። ቃሉ የተጻፈው ግን ለምርኮኞች ነው፤ በደብዳቤው አንድ ቁጥር ከፍ ብትሉ ሰባ ዓመት የሚል ታገኛላችሁ። ደብዳቤውን ከተቀበሉት ሽማግሌዎች ብዙዎቹ መፈጸሙን ሳያዩ እንደሚሞቱ እያወቁ ነው ቤት እንዲሠሩና አትክልት እንዲተክሉ የተነገራቸው። ቃሉ ለእኛ አይሆንም እያልኩ አይደለም። ሰባ ዓመቱን ጥለን ተስፋውን ብቻ ስንወስድ ግን የእነዚያን ሰዎች ልቅሶ ከሥሩ ቆርጠን ጥለናል።

ስለዚህ እኔ የደረስኩበት መለኪያ እንዲህ ያለ ነው፤ ጠጋኝ ስለሆንኩ ከጠረጴዛዬ ነው ያገኘሁት። ከሞተ ስልክ የወጣ ስክሪን ለሌላ ስልክ ይሆናል። ደግ ሥራ ነው፤ አዲስ መግዛት ለማይችል ሰው ስልኩን ያነሣለታል። ሥራውን በጀመርኩበት ዓመት ግን ያገለገለ ስክሪን ገጥሜ «ኦርጅናል፣ አዲስ ነው» ብዬ የአዲስ ዋጋ የተቀበልኩባቸው ቀናት ነበሩ። አገጣጠሙ በሁለቱም ጊዜ አንድ ነው፤ ያው ብየዳ፣ ያው ሙጫ። ልዩነቱ ደንበኛውን ጠርቼ፣ ስልኩን ከፍቼ፣ «ይኼ ከዚህ የመጣ ነው» ብዬ ላሳየው መቻሌና አለመቻሌ ብቻ ነው። ስክሪኑ የወጣበት ስልክ ባለቤትም አለ። ጥሎት ሄደ ወይስ እንድጠግንለት ትቶት ነበር? እርሱንስ ጠርቼ ማሳየት እችላለሁ?

ባለቤቱን ጠርተህ ታሳየዋለህ? በዚህ ጥያቄ የእህታችንን ቪዲዮ መዝኑት። የቆረጠው ልጅ እሷ ስትገባ ነው ስልኩን የገለበጠው።

የኤልያስን ሥራ መዝኑት። ከምናለሽ ተራ የገዛውን ገዝቶ ነው፤ ደግሞም አልሸሸገውም። ቀለም ቀብቶ ማዘርቦርድ አለመሆኑን ሊያስመስል ይችል ነበር። ከሩቅ ማሳ፣ ከቅርብ ማዘርቦርድ፤ ሁለቱንም እንድናይ ትቶታል። የፊደል መጫኛዎቹን ልብ ብዬ አይቻቸዋለሁ። በእኛ ሥራ ከሁሉም ቀድሞ የሚደበዝዘው ሰው አዘውትሮ የሚነካው ቁልፍ ነው። የማላውቃቸው ሰዎች ጣት አሁንም እዚያ አለ።

መለኪያዬ ግን ሁሉን አይመዝንም፤ ይህን መደበቅ ራሱ ቆርጦ ቀጥል ይሆንብኛል። ጆን ሃርትፊልድ የሚባል ጀርመናዊ በሂትለር ዘመን ፎቶዎችን እየቆረጠ በማጣመር የናዚዎችን ውሸት ያጋልጥ ነበር። የፎቶው ባለቤት በፍጹም አይወድለትም። ነገር ግን ሰውየው ሥራውን በስሙ ያወጣ ነበር፤ ባለቤቱ እንዲያየውም ይፈልግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1933 ወደ ፕራግ የሸሸውም ስለዚሁ ነው። ስለዚህ የሚጠየቀው የባለቤቱ ፈቃድ ሳይሆን የቆራጩ ፊት ነው ልበል? ናታንም ለዳዊት የበጉን ታሪክ የነገረው ፊት ለፊት ቆሞ ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚከብደኝ የጁሊ ምሕረቱ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 አዲስ አበባ ተወልዳ በ1977 ከቤተሰቧ ጋር ወደ አሜሪካ የሄደች ሠዓሊ ናት። በቅርብ ዓመታት ከሠራቻቸው ትላልቅ ሥዕሎች ብዙዎቹ የሚነሡት ከዜና ፎቶ ነው፤ ከሚቃጠል ከተማ፣ ከተቆጣ ሕዝብ። ፎቶውን በኮምፒውተር ታደበዝዘዋለች፤ ጭጋግ እስኪሆን ድረስ። ከዚያ በላዩ ላይ መሥመር፣ በመሥመሩ ላይ ቀለም። ተመልካቹ ሥሩ ያለውን አያይም። በእኔ መለኪያ ይህ መደበቅ ነው። ሆኖም የሚቃጠል ቤታቸውን ጥለው የሚሮጡ ሰዎችን ፊት በሳሎን ግድግዳ ላይ አጥርቶ መስቀል ከዚህ የባሰ ይመስለኛል። አንዳንድ ነገር መሸፈኑ ለባለቤቱ ክብር ነው። የት ላይ መሸፈኑ ክብር፣ የት ላይ ውሸት እንደሚሆን በእርግጠኝነት የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም።

ይህን ሁሉ ስጽፍ አንድ ነገር ስዞር ነው የቆየሁት። ልናገረው።

ጌታን የተቀበልኩት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሆኜ ነው። ያን ጊዜ ልቤ እንደ እሳት ነበር። ስለ ጌዴዎን ተሰበከልን፤ የአባቱን የበኣል መሠዊያ በሌሊት እንዴት እንዳፈረሰ። ከትምህርት ቤት ለዕረፍት ወደ ቤት ስመለስ የማየው ግድግዳውን ብቻ ሆነ። ከጋዜጦቹ መካከል፣ ከምሰሶው በስተቀኝ፣ ልጇን የታቀፈች የማርያም ሥዕል ነበረች። በአገሩ ሁሉ ገበያ የሚሸጥ የታተመ ሥዕል ነው። አባቴ ወደ ቤተልሔም ለንግሥ ሄዶ ሲመለስ የገዛት ናት። (የጋይንቷን ቤተልሔም ማለቴ ነው፤ የድጓ ምስክር የሚገኝባትን።) እኔ ያን ጊዜ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ አባቴ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም።

እናቴ ገበያ የሄደችበትን ቀን ጠበቅሁ። ጌዴዎን ሌሊት አደረገው፤ እኔ ቀን። በዱቄት ሙጫ የተለጠፈ ወረቀት በሙሉ አይነሣም፤ እየተሸረከተ፣ ሥሩ ያለውን ጋዜጣ እየያዘ፣ ከምርጉም ጭምር እየቦጨቀ ነው የሚወጣው። ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። ሲያልቅ በግድግዳው ላይ የቀረው አራት ማዕዘን ባዶ ጭቃ ነበር።

እናቴ ተመለሰች። የተሸከመችውን አወረደች፤ ግድግዳውን አየች፤ እኔን አየች። ሥዕሏ ምን ሆነች ብላ አልጠየቀችም። «እጅህን ታጠብ፣ ጥላሸት ነክቶሃል» አለችና ውኃ ቀዳችልኝ። የተዘጋጀሁት ለስደት ነበር፤ ለውኃ አልተዘጋጀሁም። ማታ እሳቱ ዳር ተቀምጠን ነው ቀስ ብላ፣ «የእናንተስ ቀን?» ያለችኝ።

ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። አባቴ ፊደል የቆጠረው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ጽሕፈቱ እንደ ልጅ ነበር፤ ግን ይጽፍ ነበር። በሥዕሏ ግርጌ ባለው ነጭ ጠርዝ ላይ የአራታችንን ስምና የተወለድንበትን ቀን በእርሳስ ጽፎት ነበር። ሌላ ቦታ አልተጻፈም። በቅርቡ ለፋይዳ መታወቂያ ስመዘገብ የልደት ቀኔን ተጠየቅሁ። እናቴ የምታውቀው በረዶው እህሉን በመታበት ዓመት፣ ከኪዳነ ምሕረት ማግስት መሆኑን ነው፤ የየትኛው ወር ኪዳነ ምሕረት እንደሆነ ግን ከወንድሜ ጋር ይቀላቀልባታል። መስከረም 1 ብዬ አስመዘገብኩ።

አትሳሳቱ፤ ዛሬም በሥዕል ፊት አልጸልይም፤ በዚህ ያመንኩት አልተለወጠም። የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ጌዴዎን ነኝ ብዬ ነበር። ዓመታት ቆይተው ኤርምያስ 36ን ሳነብ ራሴን ያገኘሁት በንጉሥ ኢዮአቄም ቦታ ነው፤ የክረምት ቤቱ ውስጥ፣ እሳት ዳር ተቀምጦ፣ የተነበበለትን ጥቅልል በጸሐፊ ካራ እየቆረጠ ምድጃ ውስጥ የሚጥለው ንጉሥ። እርሱም የቆረጠው ምን እንደያዘ ለማወቅ አልቆመም። ለኤርምያስ የተቃጠለው ቃል እንደገና ተነገረው፤ ባሮክም ጻፈው። የአባቴን ጽሕፈት የሚያጽፈኝ ግን የለም።

ይህን ለአንድ ወንድም ባጫወትኩት ጊዜ የእራፊውን ምሳሌ አነሣብኝ። በአሮጌ ልብስ ላይ ያልታጠበ አዲስ ጨርቅ የሚጥፍ የለም፤ መጣፊያው ይቦጭቀዋልና። «አየህ፣ አሮጌውና አዲሱ አይገናኝም። መቅደድህ ልክ ነበር» አለኝ። መልስ አላገኘሁለትም። በቀጣዩ ጊዜ ቤት ስሄድ እናቴ በር ላይ ተቀምጣ የታናሽ እህቴን ልጅ ሱሪ ስትጥፍ አገኘኋት። (በእኛ አገር ትልልቅ ሰዎች መጽሐፉንም «መጣፍ» ነው የሚሉት፤ ይህን ሥራም መጣፍ ይሉታል።) ቦታውን አውጥቼ አነበብኩላት። ስታዳምጥ ቆየችና፣ «ታዲያስ፣ ሳይነከር ይጣፋል እንዴ?» አለች።

«ምን ማለትሽ ነው፣ እማ?»

«አዲሱን አስቀድመህ ውኃ ውስጥ ታሳድረዋለህ። ይሸማቀቃል። የሚሸማቀቀውን ያህል ከተሸማቀቀ ወዲያ አሮጌውን አይጎትትም። ይኼንም መጣፉ ነው የሚነግርህ?»

ጌታ በዚያ ምሳሌ የተናገረው ስለ ጾም ለጠየቁት ሰዎች ነው፤ ትርጉሙን ለእናቴ ሱሪ ጠጋኝነት አሳልፌ አልሰጥም። ግን ምሳሌውን መጀመሪያ የሰሙት ሰዎች ከእኔ ይልቅ ለእሷ የሚቀርቡ ነበሩ፤ ጨርቅ የሚያጥቡ፣ መርፌ የሚይዙ። ጥፋቱ የእራፊው አዲስነት ብቻ አይደለም፤ ውኃ አለመንካቱም ነው። የአሥረኛ ክፍሉ ልጅ ገና ውኃ አልነካውም ነበር።

ስለ ቤተልሔም ሌላም ነገር አለ። የታሪክ ጸሐፊው ቶማስ ፓከናም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ እዚያ ሲደርስ ያየው እንደ ሌላው የገጠር ቤተ ክርስቲያን ክብ፣ ሣር ክዳን ቤት ነበር። ሲገባ ግን ከውስጡ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ አገኘ፤ ባለ አራት ማዕዘን፣ እጅግ የቆየ። በኋላ ዘመን የመጡት ሰዎች የራሳቸውን ሲሠሩ የፊተኛውን አላፈረሱም፤ ዙሪያውን ከበቡት። እዚህ ጋር መጥቀሴ ለምን እንደሆነ በደንብ አላውቅም፤ አባቴ ሥዕሏን የገዛው ከዚያ ደጅ ስለሆነ ይሆናል።

ይቅርታ የጠየቅኋት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። «ዛሬ ነው እንዴ የምትለኝ?» ብላ ሳቀች። ግድግዳውን ግን ልብ ያልኩት ያን ዕለት ነው። በየዓመቱ ጋዜጣ ስትለጥፍ ኖራለች፤ ያ አራት ማዕዘን ግን ባዶ ጭቃ እንደሆነ አለ። ዙሪያው እየወፈረ ሲሄድ እሱ እንደ መስኮት ወደ ውስጥ ገብቷል። ወረቀት ያነሳት መስሎኝ ነበር።

«ይኼን ለምን አትሸፍኚውም? ብርድ ያስገባ አይዶል?»

«የአባትህ እጅ የነበረበት ነው» አለች።

ዘንድሮ ለመስቀል ስሄድ ጋዜጣ ፈልጌ አጣሁ፤ ሰው ሁሉ ዜናውን በስልክ ስለሚያነብ ለመጠቅለያም የሚሆን የለም። ከሱቄ የስልክ ማስታወቂያ ወረቀት፣ የተረፉ ካርቶኖች፣ የዚህንም መጽሔት አሮጌ እትሞች ጭኜ ሄድኩ። ሙጫውን እኔ አማሰልኩ። እሷ እያንዳንዱን ገጽ ታነሣና «ይኼስ ምን ይላል?» ትለኛለች፤ አነብላታለሁ፤ አንዳንዱን «ይኼ ከአልጋው በላይ ይሁን» ትላለች። ሁለቱን ገልብጣ ለጠፈቻቸው፤ አላረምኳትም። ከባዶው ቦታ አጠገብ ስትደርስ ወረቀቱ ተርፎ ገባበት። ምላጭ አቀበልኳት። አልተቀበለችኝም። ጠርዙን በጥፍሯ እየጫነች ወደ ውስጥ አጠፈችው፣ ባዶው ቦታ እስኪገለጥ ድረስ፤ ከዚያ እጇን ዘረጋች።

«አምጣ እንጂ፣ ሙጫው ሳይበርድ።»